ያረጀ ሲዲ ማጫወቻ «አላነብም» ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ ከሰዓት ነጻ ነኝ። ስለ አሮጌ የቤት ሲዲ ማጫወቻ የቸገራችሁን ጠይቁ። ግን ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ማሽኑ በርቶ ሳለ ሌንሱን ከላይ ሆናችሁ አትዩት። ጨረሩ 780 ናኖሜትር ነው፤ ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፣ ዓይንን ግን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሿን ብሎን አትንኩ።

ከአዳማ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ? የአባቴ ማጫወቻ ነው፣ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲዲ ስከትበት ትንሽ ይሞክርና «ኖ ዲስክ» ይላል። ጠጋኝ ጋ ስወስደው ሌንሱ ሞቷል፣ ይቀየር አለኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ክዳኑን ስታወልቅ ገመዱ ከሶኬት ይነቀል። ከዚያ መልሰህ ሰካው፣ ኮረንቲ የሚገባበት በኩል እጅህን ሳታደርስ ከጎን ሆነህ ተመልከት። ጤነኛ ማሽን መጀመሪያ ሌንሱን የተሸከመውን ክፍል ወደ መሀል ይስባል። ቀጥሎ ሌንሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሲዲውን እየፈለገ ነው። ካገኘው ሲዲው ይዞራል፣ ማውጫው ይነበባል፣ የዘፈኑ ብዛት ይወጣል። የት ላይ እንደሚቆም ካየህ በሽታው ግማሹ ታወቀ ማለት ነው። ሌንሱ ከፍ ዝቅ ብሎ ሲዲው ሳይዞር ከቀረ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም ጨረሩ ደክሟል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ፍላት ኬብሉን (ወደ ሌንሱ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ሽቦ) እና ብየዳውን ፈትሽ።

በቅርቡ አንድ ማሽን መጣልኝ፣ እሱም «ሌንሱ ሞቷል» የተባለ። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ቡና የሚፈላበት ጥግ ነበር። ሌንሷ ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤ ላይዋ ላይ ቡናማ ነገር ተጋግሯል። የዕጣን ጭስ ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነከር አድርጌ፣ ጨምቄ፣ ሳልጫናት ዙሪያዋን አዞርኩባት። የመጀመሪያው ጥጥ ሻይ የነካው መሰለ። ሁለተኛው ፈዘዝ አለ። ሦስተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ። ሲዲ ስከትበት ወዲያው 14 ዘፈን ቆጠረ። ለዚያች ሌንስ ነው ሰውየው አዲስ ሊገዛ የነበረው።

ከጎንደር፦ አልኮል ካጣን አረቄ አይሆንም? እኔ በካቲካላ ጠርጌ ሠርቶልኛል።

ከመርካቶ፦ ወንድሜ እሱ ውሃ አለበት፣ ሰው አታሳስት።

ከጎንደር፦ በእጄ የሠራሁትን ነው የምነግርህ። ሦስት ዓመቱ።

ከባህር ዳር፦ ሽቶስ? አልኮል ነው እኮ።

መልስ፦ ኧረ በሕግ! አረቄ ውስጥ ውሃም ሌላም አለ፣ ሲደርቅ ዱካ ይተዋል። ሽቶ ዘይት አለው። ብዙዎቹ ሌንሶች ፕላስቲክ ናቸው፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ጭራሽ ያጠፋቸዋል። 99 ከጠፋ ከፋርማሲ 70 በመቶውን ግዙ፣ ጥጡን አጥብቃችሁ ጨምቁ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ትንሿን ብሎን በትንሹ ብቻ ባዞራትስ? ቪዲዮ ላይ አንዱ አዙሯት ወዲያው አነበበለት።

መልስ፦ ከላይ አትንኩ ብዬ ነበር፣ ግን ምክንያቱን ልንገርህ። ያቺ ብሎን ለጨረሩ የሚደርሰውን ኮረንቲ ትወስናለች። ፋብሪካው እያንዳንዱን ለብቻ ለክቶ ነው ያስተካከላት። ከፍ ስታደርጋት የደከመው ጨረር ይበረታና ያነባል፣ ደስ ይልሃል። የደከመ በሬ ላይ ጅራፍ እንደመጨመር ነው። ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ይወድቃል፣ ከወደቀም አይነሳም። ቪዲዮው የሚያሳይህ ያነበበበትን ቀን ነው። ችግሩ ቆሻሻ ወይም የደረቀ ግራሶ ሆኖ ብሎኗን ያዞርክ እንደሆነ ደግሞ ደህናውን ጨረር በገዛ እጅህ ገደልከው። አትንካት።

ከደሴ፦ የኔ እስከ 8ኛው ዘፈን ደህና ነው፣ ከዚያ በኋላ ይዘላል፣ አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ይንተባተባል። ሲዲው አዲስ ነው።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ሲዲ የሚነበበው ከመሀል ወደ ጠርዝ ነው፣ እንደ ሸክላ አይደለም። ሌንሱ ሙዚቃው በገፋ ቁጥር በሐዲዱ ላይ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ሐዲዱና ሌንሱን የሚገፉት ጥርሶች (ጊሮች) ላይ ያለው ግራሶ ከዓመታት በኋላ እንደ ሰም ይደርቃል። ሌንሱ መሄድ ሲገባው ይያዛል፣ ከዚያ ድንገት ይዘላል። ማሽኑን ነቅለህ ጥርሱን በጣትህ ቀስ ብለህ አዙረው። የሚከብድህ ቦታ ካለ እሱ ነው። አሮጌውን ግራሶ በአልኮል ጥረግ፣ ጥርሶቹ መሀል የገባ ፀጉር ካለ በመርፌ ጫፍ አውጣ፣ ከዚያ ለፕላስቲክ የሚሆን ነጭ ግራሶ በጣም ጥቂት ቀባ። የመኪና ግራሶ አይሆንም። የምግብ ዘይትማ በፍጹም።

ነገሩ ተገልብጦ የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ላይ ካስቸገረና መጨረሻው ላይ ደህና ከሆነ፣ ሲዲውን የሚያዞረውን ሞተር ጠርጥር። መሀል ላይ ሲዲው በደቂቃ ወደ 500 ጊዜ ይዞራል፣ ጠርዝ ላይ ወደ 200 ይወርዳል። የደከመ ሞተር ፍጥነቱ ላይ ይሸነፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ፊሊፕስ ያላችሁ፣ በተለይ ሲዲኤም 4 የሚባለው የማንበቢያ ክፍል የተገጠመለት፣ ይህ አይመለከታችሁም። እሱ ሐዲድም ጥርስም የለውም፣ ሌንሱ በክንድ ላይ ሆኖ ነው የሚወዛወዘው። እንዴት ያለ ሥራ ነው! እሱን ግራሶ እንዳትቀቡት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ እዚህ አሜሪካ የተጠቀምኩበትን ማጫወቻ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልልክለት ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ከጀርባው አንብቢ። 120 ቮልት ብቻ ካለ፣ 220 ላይ ቀጥታ የሰካው ቀን ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ስንቱን ከፍቼ አይቻለሁ መሰለሽ፣ ሽታው ብቻ ይነግርሻል። ቮልት መምረጫ ካለው ከመላክሽ በፊት ራስሽ 220 ላይ አድርጊው። ከሌለው ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር አብረሽ ላኪ። ማሽኑ ራሱ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው፣ 100 ዋቱ ይበቃዋል። እኛ ጋ 50 ኸርዝ መሆኑ ፍጥነቱን አይለውጠውም፣ ዙሩን የሚቆጣጠረው ውስጡ ያለው የራሱ ጊዜ ጠባቂ ክሪስታል ነው።

ከመቀሌ፦ መሳቢያው ተከፍቶ አይወጣም።

መልስ፦ መሳቢያውን የሚያንቀሳቅሰው ጎማ ላልቷል። ቀይረው። የብር ማሰሪያ ላስቲክ አታድርግበት።

ከጅማ፦ የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል ይባላል፣ እውነት ነው?

ከመርካቶ፦ ያጠፋል፣ ሞክሬዋለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ አንድ ምርጥ ሲዲ አበላሽቼበታለሁ። ሰዎች፣ ይሄን ሁሉ ከምትለፉ በስልክ አትሰሙም?

ከመርካቶ፦ የአባቴን ሲዲ በስልክ ከየት አምጥቼ ልስማው? ስልክ ላይ የሌለ ስንት ሥራ አለ መሰለህ።

መልስ፦ ስልክ የሚበቃው በስልክ ይስማ። ወደ ሲዲው ስንመለስ፣ የሚያብረቀርቀው ፊት ላይ ያለ ቀላል ጭረት ብዙም አያስፈራም፣ ፕላስቲኩ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ጽሑፍ ያለበት ፊት ነው የሚያስፈራው። መረጃው እዚያው ሥር ነው፣ ከተፋቀ በሳሙናም በምንም አይመለስም። ስትጠርጉ ከመሀል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጉ፣ አታዙሩ።

ከሐረር፦ ኦሪጅናሉን ያነባል፣ ኮፒውን አያነብም። ሌንሱ ሞቶ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ኮፒ ብርሃን የሚመልሰው ከኦሪጅናሉ ያነሰ ነው፣ እየተጠፋ የሚቀዳበት ዓይነት ደግሞ በጣም ያነሰ ነው። ሲዲ በ1982 በአውሮፓውያኑ ሲወጣ ይሄ አልታሰበም። ድሮ ያነብ የነበረውን ኮፒ አሁን እምቢ ካለ ግን ሌንሱን ጥረግ፣ ምልክት ነው።

ከአዳማ፦ ጋሼ ጠረግኩት፣ ሐዲዱንም ቀባሁት፣ ሌንሱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አሁንም ሲዲው አይዞርም።

መልስ፦ ሲዲውን የሚያዞረው ሞተር በጣትህ ልቅ ብሎ ከዞረ፣ ብየዳውና ፍላት ኬብሉም ደህና ከሆኑ፣ አሁን ሌንሱን መቀየር ይቻላል። የአንተ ሌንስ ኬኤስኤስ 240ኤ የሚባለው ሞዴል ከሆነ ብዙ ኩባንያ የተጠቀመበት ነው፣ ይገኛል፣ ቅጂውም ግን ብዙ ነው። ይህን ልብ በል። አዲሱ ከስታቲክ (በመነካካት ከሚፈጠር ኮረንቲ) እንዲጠበቅ ሁለት ነጥቦች በብየዳ ተያይዘው ይመጣሉ። ፍላት ኬብሉን ከሰካህ በኋላ ያንን ብየዳ አንሳ። ይህን ረስተው «አዲሱም ሞቷል» ብለው የጣሉት አሉ።

ከነቀምቴ፦ የኔ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? ይበራል? መሳቢያው ይወጣል? ሲዲው ይዞራል? ሞዴሉ ምንድን ነው? እነዚህን ጽፈህ ላክ፣ ነገ አየዋለሁ። ብሎኗን ደግሞ አትንካ።