ግንዱን ሳይነኩ ከፍሬው መስጠት፦ ከደሴ የአንድ ቤተሰብ ልምድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ ሁለት ቀን ሆነኝ። አባትሽ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ደሴ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን፣ በዚያ ላይ የባንክ አክሲዮን አላቸው። ስድስት ልጆች ናችሁ፤ ሦስታችሁ የምትኖሩት ውጭ ነው። እሳቸው «ለድሃ የሚሆን ነገር ሳልተክል መሞት አልፈልግም» ይላሉ። አንቺ የጠየቅሽው ትምህርት ቤት እናሠራ ወይስ በየዓመቱ እንስጥ፣ ሀብቱስ ሳይበተን ለልጅ ልጅ እንዴት ይድረስ ብለሽ ነው።

እኛ ይህን መንገድ ከ2005 ጀምሮ ሄደንበታል። አብዛኛውን የተማርነው ተሳስተን ነው። ስለዚህ ስህተቶቻችንን ሳልደብቅ ልንገርሽ።

አባታችን ጨርቅ በጅምላ ይሸጡ ነበር። በ1967 የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ ታላቅ ወንድማቸው ሦስት ቤት አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ አባታችን ንብረታቸውን ወረቀት ላይ ማስፈር አይወዱም ነበር። ሁሉ ነገር በቃል፣ በአደራ፣ በኪስ ደብተር ነው። በዚያ ዘመን ያለፈ የደሴ ነጋዴ ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ አልፈርድባቸውም። ሊሞቱ ሲሉ «የታችኛው ወለል ኪራይ ለድሃ ተማሪ ይሁን» አሉ። የሰሙት እናታችንና አንዲት ጎረቤት ናቸው።

እኛ ይህ ኑዛዜ መስሎን ነበር። ጠበቃ ስንጠይቅ ደነገጥን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኑዛዜ የሚሠራው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው። ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚት፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ሕጉ የ1952 ነው፤ ያን ጊዜ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። የአንድ ወለል ኪራይ ግን በዚህ መንገድ አይተላለፍም። አንዱ ወንድማችን «ይከፋፈል» አለ። እውነቱን ለመናገር መብቱ ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ እናታችን አለቀሱ፣ ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ ሁላችንም ተስማምተን በጽሑፍ ፈረምን። አንድ ወንድም ብቻ እንቢ ቢል የአባታችን ቃል መሬት ይቀር ነበር።

አባታችሁ በሕይወት አሉ፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑ መጠቀስ፣ ወዲያው መፈረም አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ከተነበበ በኋላ «ነገ እንፈርማለን» ብሎ መለያየት አደጋ ነው። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ በሸሪዓው ከውርስ ውጭ በኑዛዜ የሚሰጠው ከሲሶ መብለጥ እንደሌለበት አትርሱ። ከዚያ በላይ መስጠት ከፈለጉ በጤናቸው፣ በሕይወት እያሉ ይስጡ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የመጀመሪያው ትልቅ ስህተታችን ፍርሃት ነበር። የተጠራቀመውን ኪራይ ባንክ አስቀመጥን። «ዋናው አይነካም፣ ወለዱ ያስተምራል» አልን። ያማረ ሐሳብ ይመስላል። ወለዱ 7 በመቶ ነበር፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ዋናውን ማንም አልነካውም፤ ግን ቀለጠ። ዋጋ በዓመት በ25 በመቶ ቢጨምር፣ ባንክ 7 በመቶ ቢከፍል፣ የገንዘብሽ የመግዛት አቅም ግማሹ እስኪጠፋ አምስት ዓመት አይፈጅም። ለደብተር፣ ለዩኒፎርም፣ ለቤት ኪራይ የመደብነው ብር በየዓመቱ የሚሸፍነው ልጅ ቁጥር ሲያንስ በዓይናችን አየን።

ስቶክሆልም ያለው ወንድሜ ያኔ ስለ ኖቤል ነገረን። አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1895 በጻፈው ኑዛዜ ከ31 ሚሊዮን የስዊድን ክሮኖር በላይ ተወ። ዘመድ ተከራከረ፤ ገንዘቡን የሚረከብ ድርጅትም ገና አልነበረም። በስሙ የሚሰጠው ሽልማት የተጀመረው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1901 ነው። ገንዘቡ አስተማማኝ በተባሉ ሰነዶች ላይ እንዲውል ታዝዞ ስለነበር የዋጋ ንረትና ግብር ለአሥርት ዓመታት በሉት። በ1953 የሽልማቱ ድርጅት ገንዘቡን አክሲዮንና መሰል ንብረት ላይ እንዲያውል ሰፋ ያለ ፈቃድ አገኘ። የሽልማቱ እውነተኛ ዋጋ የ1901ዱን መልሶ የያዘው ግን በ1991 ነው። ዘጠና ዓመት! ከዚያም በኋላ በ2012 ሽልማቱን ከ10 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ክሮኖር ቀነሱት፤ ዋናውን ላለመብላት። ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም ነካኝ። ስመ ጥር ድርጅት ሆኖ «ዘንድሮ አቅማችን ይህ ነው» ብሎ መቀነስ ድፍረት ይጠይቃል።

እናታችን ይህን ሰምተው «ይሄማ ወቅፍ ነው» አሉ፤ ዋናው ተይዞ ፍሬው ለበጎ ሥራ የሚሰጥበት የእስልምና ልማድ ማለታቸው ነው። የእናቴ ወገን ሙስሊም፣ የአባቴ ክርስቲያን ነው፤ ወሎ ነን፣ አይገርምሽም። የነቢዩ ባልደረባ ዑመር የኸይበርን መሬት ሲሰጡ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ ለሌላ እንዳይሰጥ፣ ፍሬው ግን ለድሃ እንዲሆን አድርገው ነው። በየከተማው የምናያቸው የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ሱቆችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ሱቁ ይቆያል፣ ኪራዩ ይሰጣል። ኪራይ ደግሞ በየጊዜው ከዋጋው ጋር ከፍ ይላል። እኛ የእናታችን አገር የሚያውቀውን ነገር ትተን ባንክ ቤት ስንሮጥ ነበር።

ግን ሕንፃ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ስህተታችን ይህ ነው፤ ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያመኛል። በየጊዜው አዲስ የሚገባውን ኪራይ ሁሉንም እናወጣ ነበር። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ከአንድ ወር በላይ ከተማው ተዘጋ። የታችኛው ወለል ሱቆች ተዘረፉ፣ በርና መስታወት ተሰበረ። ተከራዮቹ ራሳቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ከእነሱ ኪራይ መጠየቅ ነውር ነው። ለስምንት ወር ምንም አልገባም። ቃል የገባንላቸው 23 ተማሪዎች ነበሩ። ባንክ ከቀለጠው ብር በቀር መጠባበቂያ አልነበረንም። ሰባቱ አቋረጡ፣ ሦስቱ ሳይመለሱ ቀሩ። አንዷ ነርስነት ልትጨርስ አንድ ዓመት ነበር የቀራት።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን። ከግብር በኋላ ከሚቀረው ከእያንዳንዱ 100 ብር 25 ለጥገና፣ 25 ለመጠባበቂያ፣ 50 ለተማሪ። መጠባበቂያው የሁለት ዓመት ወጪ እስኪሸፍን አይነካም። እሱ ባንክ ይቀመጣል፤ አዎ ይቀልጣል፣ ግን በክፉ ቀን በአንድ ጠዋት ይወጣል። አዲስ ተማሪ የምንቀበለው እስኪጨርስ የሚበቃው ሲኖረን ብቻ ነው። አሁን የምናስተምረው 14 ነው። ከ23 ያነሰ ነው፤ ግን 14ቱም ይጨርሳሉ።

ትምህርት ቤት ስለማሠራት ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ፦ አታሠሩ። ቢያንስ በመጀመሪያ። እኛ ተሁለደሬ ገጠር ሁለት ክፍል አሠርተናል። ምረቃው ደመቀ፣ በግ ታረደ፣ የአባታችን ስም እብነ በረድ ላይ ተጻፈ። በሦስተኛው ክረምት ነፋስ ቆርቆሮውን ገነጠለው። የጥገና በጀት ያለው ሰው አልነበረም፣ እኛም አላሰብንበትም። ማሠራት አንድ ጊዜ ነው፤ ማስተዳደር በየዓመቱ ነው። አባትሽ የግድ የሚታይ ነገር ከፈለጉ ያለውን ትምህርት ቤት ጣሪያና መጸዳጃ በየዓመቱ የሚጠግን ገንዘብ ይመድቡ። ርእሰ መምህሩን ጠይቂው፤ ከአዲስ ክፍል ይልቅ እሱን ይመርጣል።

ማን ይረዳ የሚለውን እኛ አንወስንም። የሰፈሩ ቅሬ (እድር) ነው የሚመርጥልን። የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ዘመድ እየመጣ ሲያስጨንቀን ነበር፤ አሁን «ቅሬውን ጠይቁ» ስንል ነገሩ ያልቃል። ለዘመድ የሚሰጠው ከየግል ኪሳችን ነው። ዘካና አሥራትም የየራሳችን ነው፤ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ውጭ ያሉት እህት ወንድሞችሽ ድምፅ ይኑራቸው። ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ ፊርማቸው አይጠበቅ። እኛ ጋ ንብረት ለመሸጥ የሁሉም ፊርማ ያስፈልጋል፤ የዓመቱን ስጦታ ለማውጣት ደሴ ያለነው ሦስታችን እንበቃለን። በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡ ለሁሉም ይላካል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። አሰልቺ ነው፣ ግን ሐሜት የሚቀረው በዚህ ነው።

ሕጋዊ ቅርጹን በተመለከተ፣ የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113 ለዚህ የሚሆን መንገድ አለው። ኢንዶውመንት የሚባለው ንብረት በስጦታ ወይም በኑዛዜ ለበጎ አድራጎት ብቻ፣ ለዘለቄታው፣ በማይሻር ሁኔታ የሚሰጥበት ነው። ትረስትም አለ፤ ንብረቱን ባለአደራ ይዞ በተጻፈው መመሪያ ያስተዳድረዋል። «የማይሻር» የሚለውን ቃል አባትሽ በደንብ ይስሙት። ስለዚህ ሁሉንም ሕንፃ አታስገቡ። አንድ ወለል ወይም መጋዘኑን ብቻ ለዩ፤ የቀረው ለልጆች ይሁን፣ ቢቻል በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ በድርሻ። ድርሻ ይወረሳል፣ ሕንፃው ግን አይቆራረጥም።

የባንክ አክሲዮኑን አትሽጡ፣ ግን ለስጦታ አትተማመኑበት። ባንኮች ካፒታላቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ ሲታዘዙ ብዙ ባለአክሲዮን ትርፉን መልሶ አዲስ አክሲዮን ገዝቶበታል። ወረቀት ላይ አደገ፣ እጅ ላይ ግን አልገባም። አሁን አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው ከጥር 2017 ጀምሮ አለ፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። መሸጥና መግዛት ቀስ በቀስ ይቀላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለልጅ ልጅ የሚቆይ ሀብት ከፈለጋችሁ አክሲዮኑ እዚያው ይደር።

አብሽሪ፣ ጊዜ አላችሁ። ግን ሁለት ነገር አልጻፍሽም። የኮምቦልቻው መጋዘን ካርታ በማን ስም ነው? በሊዝ ከሆነስ ስንት ዓመት ቀርቶታል? መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የሊዝ ዘመኑ አጭር ከቀረው ለዘለቄታው ለሚሰጥ ነገር የደሴው ወለል ይሻላል። አጣርተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የእኛን ደንብ ግልባጭ በውስጥ እልክልሻለሁ።