እናት በቤቷ ልጆቿን ሃይማኖት ልታስተምር ይገባታልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። በአካባቢያችን ባለው የጸጥታ ችግር ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ሦስቱን ልጆቼን ንባቡንም ሒሳቡንም ሃይማኖቱንም ቤት ውስጥ አስተምራለሁ። አያቴ ፊደል ያልቆጠረች ነበረች፤ ነገር ግን አቡነ ዘበሰማያትንና ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ይዛ ለእናቴ፣ እናቴም ለእኔ አስተማረችኝ። አሁን ባለቤቴ «ሃይማኖት ማስተማር የየኔታ እንጂ የሴት ሥራ አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስም ከልክሏል» ይለኛል። የ13 ዓመቱ ልጄ ደግሞ «ምን እንደሚል ሳላውቀው ለምን እደግማለሁ?» እያለ መሟገት ጀምሯል። ማስተማሬ ስሕተት ነውን? ካልሆነስ ምን ላስተምር?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ አስቀድሜ የባለቤትሽን ነገር ልመልስ፤ እርሱ ካልተፈታ የምነግርሽን ሁሉ በጥርጣሬ ትፈጽሚዋለሽና። ቅዱስ ጳውሎስ ሴት ታስተምር ዘንድ አልፈቅድም ያለው በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12 ሲሆን፣ በዚያ ስፍራ የሚናገረው ስለ ማኅበር ጸሎትና ስለ ጉባኤ ሥርዓት ነው። ይኸው ሐዋርያ ለዚያው ለጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክት ግን፣ በእርሱ ያለው ግብዝነት የሌለበት እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ይመሰክራል (1፥5)፤ ከሕፃንነቱም ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማወቁን ያስታውሰዋል (3፥15)። የሐዋርያት ሥራ አባቱ የግሪክ ሰው፣ እናቱ ግን ያመነች አይሁዳዊት መሆኗን ስለሚነግረን (16፥1)፣ ያ ሕፃን ከማን እንደ ተማረ መጠየቅ አያስፈልገንም። ደግሞም ጵርስቅላ ከባሏ ከአቂላ ጋር የእስክንድርያውን አጵሎስን ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል አስረድተውታል (ሐዋ. 18፥26)። እንግዲህ ሐዋርያው የከለከለውን የጉባኤ መምህርነት ይዞ፣ ያመሰገነውን የእናት ትምህርት መከልከል ሐዋርያውን ከራሱ ጋር ማጣላት ነው።

ይህን ስል ባለቤትሽን ከሸክሙ እያወረድሁት አይደለም። «አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና ተግሣጽ አሳድጉ» የሚለው ቃል ለእርሱ የተጻፈ ነው፤ የየኔታ መኖርም የአባትን ዕዳ አይከፍልም። በእርጋታ ንገሪው፤ ማታ ከእናንተ ጋር ቆሞ ቢጸልይ ልጆቹ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይማሩበታል።

ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚወርድ ሃይማኖት ከአባቶች ታሪክ አንድ ቤት ብቻ ላንሣልሽ፤ የቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያን ቤት። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ይህ አባት፣ ስለ እግዚአብሔር የያዘውን እውቀት በልጅነቱ ከእናቱና ከአያቱ ከማክሪና እንደ ተቀበለ፣ በኋላም ያው ዘር በውስጡ አደገ እንጂ እንዳልተለወጠ ራሱ ጽፏል። አያቱ ማክሪና የጎርጎርዮስ ገባሬ ተአምራትን ትምህርት በቃሏ ይዛ ለልጅ ልጆቿ ያስተላለፈች ሴት ናት፤ በስደት ዘመንም ከባሏ ጋር በጳንጦስ ተራሮች ጫካ ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ተሸሽጋ ኖራለች። እናቱ ኤሚሊያ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን፣ በአያቷ ስም ማክሪና የተባለችውን፣ የአረማውያን ባለቅኔዎችን ተረት ትታ በመጽሐፈ ጥበብና በመዝሙረ ዳዊት አስተማረቻት። ወንድሟ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እንደ ጻፈው፣ ልጅቱ ከመኝታዋ ስትነሣ፣ ሥራ ስትጀምርና ስትፈጽም፣ ከማዕድ በፊትና በኋላ፣ ስትተኛም ዳዊቷን ትደግም ነበር። ያች ልጅ አድጋ ታናሽ ወንድሟን ጴጥሮስን ራሷ አሳደገችው፣ አስተማረችው፤ እርሱም በኋላ ጳጳስ ሆነ። በዚህ ቤት ትምህርቱ ከኑሮው የተለየ ሰዓት አልነበረውም፤ ለዚህም ይመስለኛል ሦስት ትውልድ የዘለቀው። አንቺም አሁን በችግር ዘመን በቤት ውስጥ እያስተማርሽ ነውና የአያቲቱን የማክሪናን ስም ለልጆችሽ ንገሪያቸው።

በሀገራችንም የቤት ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ እየተባሉ የሚጠሩት የጎጃም ጉባኤ ቤቶች የሚቀበሉት ተማሪ አማትቦ አቡነ ዘበሰማያት ማለትን ከእናቱ ዘንድ ይዞ የመጣ ልጅ ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ለብዙዎች ያስተማሩ የጎጃም መምህርት ናቸው። ይህን ያነሣሁት ከሦስቱ ልጆችሽ ሴት ካለች በተለይ ስለ እርሷ ነው፤ ወንዶቹን ወደ የኔታ ልኮ ሴቷን ወደ ጓዳ መመለስ በብዙ ቤት የተለመደ ነውና አንቺ እንዳታደርጊው። የአያትሽ ጸሎት ለአንቺ የደረሰው በሴት ልጆች በኩል መሆኑን አስቢ።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ ልምጣ። ልጅሽ ያነሣው ነገር አመፅ አይመስለኝም፤ አትቆጪው። አያትሽ በቃል የያዘችው ውዳሴ ማርያም በትውልዶች መካከል ሳይጠፋ መድረሱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ምሥጢሩ ከንባቡ ጋር አብሮ ካልወረደ፣ ንባቡ በቀጣዩ ትውልድ ሊቆም ይችላል። አንቺ አያትሽ ያልነበራት ነገር አለሽ፤ ታነቢያለሽ። ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመውን ውዳሴ ማርያም ያዢ፤ ጸሎቱ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ ለየቀኑ የሚሆን ትምህርት በውስጡ ታገኛለሽ። የሰኞው ጌታችን በልቡ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ነጻ ሊያወጣ መውደዱን በመናገር ይጀምራል፤ በዚያ ቀን ከዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን አንብቢላቸውና አዳም ለምን እንዳዘነ ጠይቂያቸው። የሐሙሱ ሙሴ በነደ እሳት መካከል ሳትቃጠል ያያትን ዕፅ ያነሣል፤ ከዘፀአት ምዕራፍ 3ን ራሱ ትልቁ ልጅሽ ለታናናሾቹ ያንብብ፤ እሳቱ የመለኮት፣ ዕፂቱ የእመቤታችን ምሳሌ እንደ ሆነችም ንገሪው። ጸሎቱን የሚደግመው ልጅ እንዲህ ሲሆን የሚጸልየውን ያውቃል፤ ማንበብንም አብሮ ይለማመዳል። መመለስ የማትችዪው ጥያቄ ሲገጥምሽ ከራስሽ ፈጥረሽ አትመልሺ፤ ጻፊውና ከልጁ ጋር ሆናችሁ ካህኑን ጠይቁ። አዋቂም ተማሪ እንደ ሆነ በዚያ ያያል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብሽ። ከእናቶቻችን የወረስነው ሁሉ ሃይማኖት አይደለም። ቡና ሲፈላ ለአድባር መርጨት፣ ልጅ ሲታመም ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ ክታብ ማሰር፣ ይህም ከአያት ወደ እናት በዚያው መንገድ የወረደ ነው። ልጆች ጸሎቱንና ይህን ለይተው አያዩም፤ እናታቸው ያደረገችውን ሁሉ አንድ ሃይማኖት አድርገው ይይዙታል። በቤትሽ እንዲህ ያለ ልማድ ካለ አንቺ ላይ እንዲቆም አድርጊ፤ የተውሽበትንም ምክንያት ለልጆችሽ ንገሪያቸው። እንዲሁም ጸሎትን ቅጣት አታድርጊው፤ «አጥፍተሃልና ዳዊት ድገም» የተባለ ልጅ ዳዊትን ከጥፋቱ ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል።

ምጽዋትን ግን በእጃቸው አስተምሪያቸው። የቆሎ ተማሪ በደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እንጀራውን አንቺ አታውጪ፤ ከልጆቹ አንዱ ያውጣ። ረቡዕና ዓርብን ለምን እንደምንጾም፣ ረቡዕ በጌታ ላይ የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን መሆኑን በዕለቱ ንገሪያቸው።

የአንቺ ትምህርት የቤተ ክርስቲያንን ቦታ እንዳይተካ ተጠንቀቂ። ንባቡን በሥርዓቱ፣ ቀጥሎም ዜማውን ሊያስተምሩ የሚችሉት የኔታ ናቸውና መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ልጆቹን ወደ እርሳቸው ላኪ፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈትም የማታውን ጸሎትና ንባብ አታቋርጪ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በሚገባው በፍልሰታ ጾም ታናናሾቹን ይዘሽ ቅዳሴ አስቀድሺ፣ ሥጋ ወደሙንም ይቀበሉ። ትልቁ ልጅሽ ስለ ጾሙ መጠንና ስለ ንስሐው ራሱ ከንስሐ አባታችሁ ጋር እንዲነጋገር አድርጊ፤ በዚያ ዕድሜ ሁሉን ነገር በእናት አፍ ብቻ መስማት ይከብደዋልና።