የፈረሱን ስም አልጻፍኩትም

ሰሞኑን ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ፣ አንዲት ተማሪ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ የድሮ ፈረሰኛ ሲዘምት ፈረሱን ምን ያበላው ነበር?» አለችኝ። ከአርባ ዓመት በላይ እንስሳት ሳክም ኖሬ ከወጣት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። አላስተኛኝም።

1964 ዓ.ም. ነው። ገና ረዳት ነበርኩ። ከወሎ መጥተው እዚህ ጅማ ቡና ተክለው የሚኖሩ ሽማግሌ በቅሏቸውን ሊያሳክሙ መጡ። ጫማ አላደረጉም። የእግራቸው አውራ ጣት ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ጎን ወጥቷል። «ስብራት ነው?» አልኳቸው። «እርካብ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። የጥንቱ እርካባችን አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ቀለበት ነው፤ በባዶ እግር ነው የሚጋለበው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ ጦር ጋር በተዋጉበት በሰገሌ ጦርነት፣ በንጉሡ በኩል ተሰልፈው ነበር።

ደብተሬን አወጣሁ። ንጉሡን በዓይንዎ አይተዋል? ሲማረኩ የት ነበሩ? የሸዋውን የጦር መሪ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስንስ? እሳቸው የሚያወሩት ግን ስለ ፈረሳቸው ነው። ደመወዝ የለም፤ ፈረሱም ስንቁም የራስ ነው። እሳቸው በሶ በጥብጠው ያድራሉ፣ ለእሱ ገብስ ሲለምኑ ይዞራሉ። ያ ሁሉ ጦር በሰፈረበት ሳር ውሎ አያድርም፤ ርቆ ሄዶ ማጨድ ነው። የባሩዱ ጭስ ሲሸፍናቸው የሸዋው ከወሎው አይለይም ነበር። «ኮርቻው አንድ፣ ልጓሙ አንድ፣ ቋንቋውም አንድ» አሉ። ፈረሱ እዚያው ወደቀ። ይህን ሲነግሩኝ የበቅሏቸውን አንገት ይዳብሱ ነበር።

እኔ ምን አልኩ? «እሱን ይተዉትና ስለ ንጉሡ ይንገሩኝ።»

ዝም አሉ። በቅሏቸውን ስበው ሄዱ።

ደብተሩ አሁንም አለ። ቶራ መስክ፣ ከሰገሌ በፊት የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ የወደቁበት። ሰገሌ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.። ይህን ከየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ታገኙታላችሁ። የፈረሳቸውን ስም ነግረውኝ ነበር፤ እሱን አልጻፍኩትም። መልኩ ዳማ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል። አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም እንደሆነ ታውቃላችሁ? የንጉሥ ፈረስ ስም አገር ያውቀዋል። የአንድ ተራ ወታደር ፈረስ ስም እኔ ጋ ደርሶ ጠፋ።

በርትታችሁ ተማሩ ምናምን አልላችሁም፤ እሱን ቤታችሁ ይነግሯችኋል። ሽማግሌ ስታገኙ ግን ስለ ሹም አትጠይቁ። ምን በሉ፣ የት አደሩ፣ እግራቸውን ምን አመማቸው፣ እሱን ጠይቁ። የዛሬ ልጆች ስልክ ደቅናችሁ ትቀርፃላችሁ እንጂ አትሰሙም፤ ይሄ ያናድደኛል። ያን ቀን እኔ ስልክ ቢኖረኝ ደግሞ ድምፃቸው በቀረልኝ ነበር።

ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ጀርባቸው ቆስሎ ሲመጡልኝ ኮርቻቸውን ሳላወልቅ በፊት ባለቤቱን «ስሙ ማነው?» እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው የለመድኩት።

ለልጅቷ ስለ ገብሱና ስለ ሳሩ ነገርኳት። ጻፈችው። ቀና ብላ «ፈረሱስ፣ ማን ይባል ነበር?» አለችኝ።