ጥገኝነት ሰጪው ምን ፈልጎ ነው?

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እንደምን ከረሙ? ደሴ ሳለሁ ሲቪክስ ያስተማሩኝ ተማሪዎ ነኝ። አሁን ኮምቦልቻ ባጃጅ እሠራለሁ። ተራ ስንጠብቅ ከጓደኛዬ ጋር የጀመርነው ክርክር እስካሁን አልበረደም። የአሜሪካንን የስለላ ምስጢር አውጥቶ የሸሸውን ኤድዋርድ ስኖውደንን ሩሲያ ለምን አስጠጋችው? እኔ «አሜሪካንን ለማብሸቅ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም» አልኩ። እሱ ደግሞ «የተሰደደን ማስጠጋት ደግ ሥራ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ነጃሺስ የነቢዩን ሰሃባዎች ሲያስጠጋ ፖለቲካ ነበረበት ልትል ነው?» ብሎ አፋጠጠኝ። መልስ አጣሁ። ፖለቲካ ካለበት ጥገኝነቱ ውሸት ነው ማለት ነው?
(የባጃጅ ሾፌር፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ስለ ሩሲያ ያልከው ወደ እውነቱ ይጠጋል። «ፖለቲካ ካለበት ውሸት ነው» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስኖውደን ለአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ በኮንትራት የሚሠራ ኩባንያ ቀጥሮት ሃዋይ ይሠራ ነበር። በሜይ 2013 ሰነዶቹን ይዞ ሆንግ ኮንግ ገባ፤ እዚያ ለጋዜጠኞች አስረከበ። ጁን 5 የመጀመሪያው ዘገባ ወጣ። ቬራይዘን የተባለው የስልክ ድርጅት የሚሊዮን ደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ በየቀኑ ለኤጀንሲው እንዲያስረክብ በምስጢር ፍርድ ቤት ታዝዞ ነበር። ማን ለማን ደወለ፣ ስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፤ ይሄ ሁሉ። አሜሪካ በ1917 በወጣው የስለላ ሕግ ከሰሰችው፣ ፓስፖርቱንም ሰረዘችበት። ጁን 23 ሞስኮ አረፈና ከሼሬሜትዬቮ አውሮፕላን ማረፊያ መውጣት አቃተው። ከአምስት ሳምንት በላይ እዚያው መንገደኞች አውሮፕላን በሚቀይሩበት ክፍል ከረመ።

ኦገስት 1 ጠበቃው አናቶሊ ኩቸሬና የጥገኝነት ወረቀቱን ቅጂ ለካሜራ ከፍ አድርጎ አሳየ። እኔን የሚገርመኝ ያ ወረቀት ነው። የሚያገለግለው ለ1 ዓመት ብቻ ነበር። በ2014 የ3 ዓመት መኖሪያ ፈቃድ ተሰጠው፤ በ2017 ተራዘመለት፤ በ2020 ቋሚ ሆነ። ዜግነት ያገኘው ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 ነው፣ በፑቲን አዋጅ። ያኔ ሩሲያ ዩክሬን ላይ ጦርነት ከከፈተች ወራት አልፈዋል፤ ተጠባባቂ ወታደሮቿን የጠራችውም ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብላ ነው። ወረቀቱ የሚረዝመው ከዋሽንግተን ጋር ያለው ጠብ እየከረረ በሄደ ቁጥር እንደሆነ ከቀኖቹ ማየት ትችላለህ። ጠበቃው ራሱ የሩሲያ የደህንነት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ምክር ቤት አባል ነበር። ስደተኛው የወደቀው በማን እጅ እንደሆነ ይሄም ይነግርሃል።

ሩሲያ የሰው ግላዊ ሕይወት አሳስቧት ነው እንዳንል፣ ሶርም የሚባል የራሷ የመጥለፊያ ሥርዓት አላት። የስልክና የኢንተርኔት ድርጅቶቿ የደህንነት መሥሪያ ቤቱ የሚያዳምጥበትን መስመር የመግጠም ግዴታ አለባቸው። ኢጎር ሱትያጊን የሚባል ተመራማሪዋን በ2004 ለውጭ አገር መረጃ ሰጥተሃል ብላ 15 ዓመት ፈርዳበታለች። እሱ ግን «የተጠቀምኩት ለሕዝብ የታተመ ጽሑፍ ነው» እያለ ይከራከር ነበር። ስኖውደን ሩሲያዊ ሆኖ የሩሲያን ምስጢር ቢያወጣ ኖሮ ምን ይጠብቀው እንደነበር መገመት አያቅትህም።

ፑቲን መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን አልወደዱትም። ነገሩን የአሳማ ግልገል ከመሸለት ጋር አመሳስለውት ነበር፤ ጩኸቱ ብዙ፣ ጸጉሩ ጥቂት። ቀጥለውም እዚህ መቆየት ከፈለገ አሜሪካንን የሚጎዳ ሥራውን ያቁም አሉ። ኦባማ ተናደው ሞስኮ ላይ ሊያደርጉት የነበረውን የሁለትዮሽ ስብሰባ ሰረዙ። ሁለቱ አገሮች ወንጀለኛ አሳልፎ የመስጠት ስምምነት ስላልነበራቸው ሩሲያ አልሰጥም ብትል የጣሰችው ውል አልነበረም። በትንሽ ወጪ ትልቅ ተቀናቃኟን በዓለም ፊት አሳጣች። ስለዚህ «ለማብሸቅ ነው» ያልከው ሚዛን ይደፋል።

ግን እዚህ ላይ አታቁም። በር የዘጉትም ፖለቲካቸውን ነው የሠሩት። ስኖውደን ከሃያ በላይ ለሚሆኑ አገሮች አመልክቷል። ብዙዎቹ «መጀመሪያ መሬታችንን መርገጥ አለብህ» ብለው መለሱለት። ፓስፖርቱ የተሰረዘበት ሰው በምን እግሩ ይረግጣል? ያወጣው ሰነድ ለጀርመኖች ብዙ ነገር ገለጠላቸው፤ የመሪያቸው የአንጌላ ሜርክል ስልክ ሳይቀር ይጠለፍ እንደነበር በዚያው ዓመት ተሰማ። ፓርላማቸው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። መንግሥታቸው ግን ሰውየውን በርሊን አምጥቶ ለማስመስከር አልፈቀደም። ይሄ ያሳዝነኛል። በምስክርነቱ ተጠቅሞ ምስክሩን ደጅ ማሳደር ነውር ነው።

ጁላይ 2 ላይ ደግሞ የቦሊቪያው ፕሬዝዳንት ኢቮ ሞራሌስ ከሞስኮ ሲመለሱ ስኖውደንን ደብቀው ይዘዋል ተብሎ ተጠረጠሩ። አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የአየር ክልላቸውን ዘጉባቸውና አውሮፕላናቸው ቪየና ለማረፍ ተገደደ። የአንድ አገር መሪ ሌሊቱን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አሳለፉ። በዚያው ሳምንት ቬንዙዌላ፣ ኒካራጓና ቦሊቪያ ተከታትለው «ጥገኝነት እንሰጠዋለን» አሉ። ስለ ስኖውደን ያወቁት አዲስ ነገር አልነበረም። የተነካው ክብራቸው ነው የገፋፋቸው።

ነገሩ በተቃራኒውም ሆኗል። አሌክሳንደር ሊትቪኔንኮ የሩሲያ ደህንነት መኮንን ነበር። አለቆቹ ሰው እንድንገድል አዘዙን ብሎ በ1998 ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጠ። ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ፤ በ2001 ጥገኝነት አገኘ። በ2006 እዚያው ለንደን በፖሎኒየም ተመርዞ ሞተ። ለሞስኮ ከሃዲ ነው፤ ለለንደን እውነት ተናጋሪ። የስኖውደንን ነገር ስታየው ቦታ ተለዋውጠው ታገኛቸዋለህ።

እንግሊዝን ካነሳን አይቀር የራሳችንን ታሪክ ላስታውስህ። ክፍል ውስጥ ይሄን ስናገር ተማሪዎቼ በጣም ይናደዱ ነበር። ህዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነበሩ። ሚያዝያ ላይ ከአገር ወጡ። እንግሊዝ ተቀበለቻቸውና ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። በ1938 ግን ያችው እንግሊዝ የጣሊያንን ወረራ ሕጋዊ ብላ አጸደቀች። በቤቷ ያስጠለለችውን ሰው አገር ለወራሪው ፈረመችለት ማለት ነው። በጁን 1940 ጣሊያን ጦርነት ስታውጅባትስ? ወር ሳይሞላ ንጉሡን ወደ ሱዳን መንገድ አስጀመረቻቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ያስጠለላቸው ቤት አንድ ነው። የተለወጠው የእንግሊዝ ጥቅም ነው። ቢሆንም ያ መጠለያ ባይኖር ኖሮ ንጉሡ ሞት ወይ ምርኮ ይጠብቃቸው ነበር። ለዚህ ነው ውሸት ነው የማልለው።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ጥቅሙ ሲያልቅ ሰውየው ምን ይውጠዋል? ዊኪሊክስ በተባለው ድረ ገጽ የአሜሪካንን ምስጢሮች ያወጣውን ጁልያን አሳንጅን ተመልከት። የኢኳዶሩ ፕሬዝዳንት ራፋኤል ኮሬያ በኦገስት 2012 ለንደን ባለው ኤምባሲያቸው ጥገኝነት ሰጡት። በዚያው ዘመን ኮሬያ የአገራቸውን ጋዜጠኞች በስም ማጥፋት ከሰው የእስራትና የብዙ ሚሊዮን ዶላር ቅጣት አስፈርደው ነበር፤ በኋላ ይቅር አሏቸው እንጂ። አሳንጅ ያን ኤምባሲ ሳይለቅ ሰባት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። ኮሬያ ወረዱ፣ ሌኒን ሞሬኖ መጡ፣ ከአሜሪካ ጋር መታረቅ ፈለጉ። ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ጥገኝነቱ ተነሳና የለንደን ፖሊስ ተሸክሞ አወጣው። ሰውየው ያው ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው የተቀየረው።

አሁን ወደ ጓደኛህ ልምጣ። ስለ ነጃሺ ያነሳው ጥሩ ነው፤ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይንገርህ። እንደሚተረከው የመካው የቁረይሽ ጎሳ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጥተው «ሰዎቻችንን አስረክበን» አሉ። ነጃሺ ስደተኞቹን አስጠርቶ በጉባኤ ፊት እንዲናገሩ አደረገ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ተነስቶ ለምን እንደተሰደዱ አስረዳ፣ ከሱረቱ መርየምም አነበበ። ንጉሡ አለቀሰ። ስጦታው ተመለሰ። ልብ በል፤ ስጦታውን የመለሰው የሰዎቹን ቃል ካዳመጠ በኋላ ነው። ጥገኝነት ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ባለጉዳዩ ቃሉ ይሰማል፣ ከዚያ ይወሰናል። የስኖውደንን ቃል ግን አንድም አገር በዚህ መልክ ቁጭ ብሎ ሰምቶ አልፈረደለትም። ሞስኮም ብትሆን ጠቀማትና አስቀመጠችው።

ስለዚህ ተራ ስትጠብቁ ለጓደኛህ ይሄን በለው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በፈረመው የስደተኞች ስምምነት ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብዓዊ ተግባር ነው፤ ማንም አባል አገር እንደ ጠላትነት ሊያየው አይገባም ተብሏል። መንግሥታት ያንን ቃል ቢያከብሩት ሰው የሚጠለለው በሕግ ይሆን ነበር። አሁን ብዙው የሚጠለለው በጠብ ነው፤ ጠብ ደግሞ አንድ ቀን ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ አውሮፓ ገብቶ ጥገኝነት ጠይቋል፤ መልስ እየጠበቀ ነው። ጎረቤቶቼ «የዚያ አገር መንግሥት ከእኛ መንግሥት ጋር ከታረቀ ይመልሱታል» ይሉኛል። እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው?
(እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ እትዬ፣ አብሽሩ። የልጅዎ ነገር የታዋቂ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ያ ደግሞ ይጠቅመዋል። የታዋቂውን ጉዳይ ፕሬዝዳንቶች ይነጋገሩበታል። የልጅዎን ግን አንድ የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኛ ፋይሉን ገልጦ፣ ልጅዎን ራሱን ጠይቆ ነው የሚወስነው። አልቀበልም ቢለው እንኳ ይግባኝ ማለት ይችላል። የአገሮች መታረቅ ጨርሶ አይነካውም ግን አልልዎትም። «አገሩ አሁን ሰላም ነው» የሚል ግምገማ ከተጻፈ ውሳኔው ላይ ሊታይ ይችላል። ያኔ ልጅዎ ማሳየት ያለበት እሱን በግሉ የሚያሰጋው ምን እንደሆነ ነው።

ሲደውልልዎት ይሄን ይንገሩት። ጉዳዩ ሳያልቅ ፓስፖርት ለማሳደስ ብሎ ኤምባሲያችን እንዳይሄድ፤ «መንግሥቱን ካልፈራ ለምን ጥገኝነት ጠየቀ?» የሚል ጥያቄ ያስነሳበታል። መጀመሪያ የሰጠውን ቃል ቅጂ ጠበቃውን ጠይቆ ይያዝ፤ በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ቀንና ቦታ ከተምታታበት ሌላው እውነቱም አይታመንለትም። የጉዳዩን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ቴሌግራምም ፌስቡክም ላይ አይልቀቅ። እርስዎም ለጎረቤት አያሳዩ፤ «ምን ላይ ደረሰ?» ካሉዎት «እየጠበቀ ነው» ይበቃቸዋል።