ማግኔት የተሰፋበት ቆብ የማስታወስ ችሎታን ይመልሳል?

ጥያቄ፦ አባቴ የልጅ ልጆቻቸውን ስም መርሳት ጀምረዋል። ትንንሽ ማግኔት የተሰፋበት ቆብ «የማስታወስ ችሎታን ይመልሳል» የሚል ነጋዴ አግኝቻለሁ። ልግዛላቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ገንዘብዎን አያውጡ። ሐኪሞች አንጎልን በማግኔት ለማነቃቃት የሚጠቀሙበት መሣሪያ፣ ጭንቅላት ላይ በተጠጋ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲለቅ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ከ1 ቴስላ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ) በላይ የሆነ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ ነርቮችን የሚቀሰቅሰውም የመስኩ ፈጣን መለዋወጥ በአንጎል ውስጥ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ቆብ ላይ የተሰፋ ማግኔት መስኩ ስለማይለዋወጥ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጠንካራ ማነቃቂያ በቀን 20 ደቂቃ ለ5 ተከታታይ ቀናት ሲሰጡ፣ ተሳታፊዎቹ የሰው ፊትን ከቃል ጋር አጣምረው የማስታወስ ችሎታቸው ተሻሽሏል፤ ይሁንና 16 ጤነኛ ጎልማሶች ነበሩ እንጂ እንደ አባትዎ የሚረሱ አዛውንት አልነበሩም። ደካማ መስክን በተመለከተ፣ በካናዳ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ማይክል ፐርሲንገር የተጠቀመበት ማግኔታዊ ቆብ ልዩ ስሜት ይፈጥራል ቢባልም፣ የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ተሳታፊውም ፈታኙም መስኩ መከፈቱን ሳያውቁ ሲፈትኑት፣ ስሜቱ የመጣው ከማግኔቱ ሳይሆን ሰዎቹ በቀላሉ ከማመናቸው መሆኑን አሳይተዋል።

ይልቅ አባትዎን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መዛባትና ድባቴ መርሳት ያስከትላሉ፤ ሦስቱም ይታከማሉ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ከተገጠመላቸው ደግሞ ማግኔት ያለበትን ዕቃ ከደረታቸው ያርቁ።