ሰማያዊው ጭስ ከዘይት መመለሻው ነው

በ2003 ሞዴል ኒሳን 350ዜድዎ ላይ ሁለት ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ካስገጠሙ በኋላ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣው፣ በአብዛኛው ዘይቱ ከቱርቦው ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) በነፃነት ስለማይመለስ ነውና፣ አዲስ ቱርቦ ከመግዛትዎ በፊት የመመለሻውን ቱቦ ይፈትሹ።

ዘይቱ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ ቱቦው ሰፊ፣ እጥፋት የሌለውና ቁልቁል የሚወርድ፣ ወደ ኮፓው የሚገባበት ቀዳዳም ከተጠራቀመው ዘይት ከፍ ያለ መሆን አለበት። ቱርቦው በጣም ዝቅ ብሎ ከተገጠመና ቁልቁለት ካልተገኘ፣ ዘይቱን ስቦ የሚመልስ ፓምፕ መጨመር ግድ ነው።

አደራዎን፣ ጭሱ ሲጠፋ የቱርቦውን የአየር ግፊት ለመጨመር አይቸኩሉ። የዚህ ሞተር እመቃ (ፒስተኑ አየሩንና ነዳጁን የሚጨምቅበት መጠን) 10.3 ለ1 ነው፤ ይህ ለቱርቦ ከፍ ያለ ነው፤ እኔ ነዳጁና የካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ሳይስተካከል ግፊት ጨምሬ፣ ሁለት ቦታ የተሰበረ ቢዬላ (የፒስተን ዘንግ) ከኮፓው ውስጥ ለቅሜአለሁ።