የሰሜን እንግሊዝ አነጋገር «የተበላሸ» እንግሊዝኛ ነውን?

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ያለ ብዙ ችግር አነባለሁ፤ የኒውካስልና የዮርክሻየር ሰዎች ሲነጋገሩ ስሰማ ግን ግማሹ አይገባኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የገዛ ቋንቋቸውን አበላሽተው ነው የሚናገሩት» ይሉኛል። እውነት ነውን?

መልስ፦ አይደለም። ዛሬ መደበኛ የሚባለው እንግሊዝኛ ራሱ የአካባቢ ዘዬ ነበር፤ የተቀዳውም በአመዛኙ ከለንደንና ከምሥራቅ ሚድላንድስ (ከእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል ምሥራቃዊው) አነጋገር ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ንግዱና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች በለንደን ዙሪያ ስለነበሩ፣ ዊልያም ካክስተንም የአገሪቱን የመጀመሪያ ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ1476 በዌስትሚንስተር ስላቋቋመ፣ የዚያ አካባቢ አጻጻፍ በሌሎቹ ላይ የበላይነት አገኘ። የሰሜኑ ዘዬ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ በራሱ መንገድ የወረደ ነው እንጂ የመደበኛው ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም መደበኛው የጣለውን የ«አንተ» እና የ«እናንተ» ልዩነት አንዳንድ የዮርክሻየር አረጋውያን ይዘውት ቆይተዋል። አሉታን በአንድ ዓረፍተ ነገር መደጋገምም፣ ዛሬ የመሃይምነት ምልክት ተደርጎ ቢቆጠርም፣ ታላቁ የእንግሊዝ ገጣሚ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያለ ኀፍረት የጻፈበት ነው።

ንቀቱ የሚያርፈው በድምፁ ላይ ሳይሆን በተናጋሪው ላይ መሆኑን «ር» በደንብ ያሳያል። በእንግሊዝ ከአናባቢ በኋላ የሚመጣውን «ር» አጉልቶ መጥራት የባላገር አነጋገር ያሰኛል፤ በኒው ዮርክ ግን፣ አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ላቦቭ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳሳየው፣ ያንኑ «ር» መጥራት የክብር ምልክት ሲሆን የሚያስንቀው መዋጡ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢቢሲ የዮርክሻየር ቅላጼ ያለውን ዊልፍሬድ ፒክልስን ዜና አንባቢ ሲያደርገው ቅሬታ ካቀረቡት አድማጮች መካከል፣ በእኛ ግምት፣ ዜናው ያልገባቸው ጥቂቶች ነበሩ።

ይህ ማለት መደበኛውን ይተዉት ማለት አይደለም፤ ለፈተና፣ ለማመልከቻና ለውል የሚያገለግለው እሱ ነው። ይሁንና መደበኛ ሰዋስውን በኒውካስል ቅላጼ መናገር ስለሚቻል፣ ሁለቱን ለያይተው ይመልከቱ። ሲናገሩ ሰምቶ የመረዳት ችግርዎን ለማቃለል በአናባቢዎች ይጀምሩ፦ የደቡቡ ሰው «ባስ» (bus፣ አውቶቡስ) የሚለውን የሰሜኑ ሰው «ቡስ»፣ «ካፕ» (cup፣ ኩባያ) የሚለውንም «ኩፕ» ወደሚለው አስጠግቶ ይጠራዋል፤ እንዲህ ያሉ ጥቂት ልዩነቶችን ጆሮዎ ከለመደ ያልገባዎት ግማሽ በእጅጉ ይቀንሳል።